በሁዳዴ መካከል የመጣው ፋሲካ

ጠጅቱ በሰው ሀብት ቀንታ አታውቅም። ጎረቤቷ አዲስ ቀሚስ ብትለብስ ጥለቱን አገላብጣ ታደንቃለች፤ የሰው ላም ብትወልድ እንገሩ ባይደርሳትም ደስ ይላታል። እርሷ የምትቀናው በሰው ጾም ነበር። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ብትናገርስ ማን ያምናታል? በገንዘብ የሚቀና አለ፣ በትዳር የሚቀና አለ፤ በሌላው ረኃብ የሚቀና ግን በልደታ ሰፈር ቀርቶ በአገሩ ሁሉ አልተሰማም።

የምትቀናባቸውም ሴት ሩቅ አልነበሩም፤ በአንድ አጥር ውስጥ፣ ከደጃፏ ፊት ለፊት የሚኖሩት እትዬ ወለተሰንበት ነበሩ።

ጠጅቱ የከምባታ ተወላጅ ናት። በልጅነቷ የካቶሊክ ሚሲዮን መነኮሳይያት ጥልፍና ጸሎት አስተማሯት፤ አዲስ አበባ ስትመጣም ሁለቱን ይዛ መጣች። ባሏ ገብረጊዮርጊስ ግንበኛ ነበር፤ ከጦርነቱ በፊት ቆላ ወርዶ ሲሠራ ንዳድ ይዞት ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። እናቷም ባረፈች ጊዜ ታናሽ እኅቷን ሙሉመቤትን አስመጥታ አሳደገች፤ ይኸው አሁን ሙሉመቤት ለዓቅመ ሔዋን ደርሳ፣ ከእኅቷ ጋር ጥልፍ እየጠለፈች ትኖራለች። ጠጅቱ በዚህ ዓለም የእኔ የምትለው ሰው እርሷ ብቻ ናት።

እትዬ ወለተሰንበት ግን የሰፈሩ ሴት ነበሩ። ባላቸው በየካቲት ዐሥራ ሁለቱ እልቂት ከደጃፋቸው ተወስደው በዚያው ቀርተዋል። ከዚያ ወዲህ ከልጃቸው ከአስፋው ጋር፣ ከሐዘን ልብሳቸው ሳይወጡ ይኖራሉ። ሁዳዴ ሲገባ ከማለዳ ጀምሮ በልደታ ማርያም ቅጥር ግቢ ሲሰግዱ ይውሉና፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ዓይናቸው ጎድጉዶ ሲመለሱ የተቀመጠው ሁሉ ይነሣላቸዋል። ጠጅቱ በዚህም ትቀና ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበላትና፣ በሐዘናቸው እንኳ ትቀና ነበር። የእርሷም ባል ሞቷል፤ ነገር ግን በንዳድ ለሞተ ግንበኛ ሚስት ማን ይነሣላታል?

የእርሷ ጾም ሌላ ነበር። በሚሲዮኑ ሥርዓት ሥጋ ትተዋለች፤ በቀን አንድ ጊዜ ትመገባለች፤ ዓርብ ዓርብ የጌታን ሕማም በሚያሳዩት ሥዕሎች ፊት እየተንበረከከች የመስቀሉን መንገድ ትከተላለች። ወተትና እንቁላል ግን አልተከለከለም። እናቷ ወተት ያልተከለከለበትን ምክንያት ስትጠየቅ፣ «ጾም ለሰው የሚታይ ቢሆን ኖሮ ጌታ ፊታችሁን ታጠቡ ባላለን ነበር» ትል ነበር። ጾም ለእናቷ ድምፅ ሳያሰሙ ቤት ጠርጎ እንግዳ መጠበቅ ነበር፤ እንግዳውም በትንሣኤ ጠዋት ሲመጣ፣ ልጆቿን ሰብስባ የመጀመሪያውን ጉርሻ በእጇ ታጎርሳቸዋለች። ጠጅቱም ሃይማኖቷን የተረዳችው በዚያ ጉርሻ ነው ማለት ይቻላል። ልደታ ስትገባ ግን ይኸው ወተት መሳለቂያ ሆነባት። የሰፈሩ ሴቶች ጾሟን «የወተት ጾም» ይሉት ነበር፤ ጣልያን ከገባ በኋላ ደግሞ «የጣልያን ጾም» አሉት። ጣልያን የአዲስ አበባን መንገድ ሳይረግጥ፣ እናቷ በከምባታ ጎጆ ውስጥ ይህንኑ ጾም ትጾም እንደ ነበር ለማን ታስረዳ?

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሁለቱ ጾሞች ተራራቁ። የካቶሊኮቹ ቀድሞ በጥር መጨረሻ ገባ፤ ትንሣኤአቸውም የሚውለው በመጋቢት አጋማሽ፣ ሁዳዴ ገና እኩሌታው ሳይደርስ ነበር።

ጾሙ በሚገባበት ረቡዕ ጠጅቱ እንደ ሥርዓቱ ግንባሯን በአመድ ተቀብታ ከቤተ ክርስቲያን መጣችና፣ አመዱን ሳትጠርግ ውኃ ልትቀዳ ወደ ቧንቧው ወረደች። ሴቶቹ እንስራቸውን ደርድረው ተራ ይጠብቁ ነበር። ጠላ ሻጯ ሠርካዲስ አየቻትና፣

«ጠጅቱ፣ ምን ሆነሽ ነው? ከምድጃ ጋር ተሳሳምሽ እንዴ?» አለቻት።

«የጾማችን መግቢያ ነው» አለች ጠጅቱ።

«እኛ እንኳ አመዳችን የሚወጣው ጾሙ ሲያልቅ ነው። እናንተ ግን ድካሙን ፈርታችሁ ቀድማችሁ ተቀባችሁት።»

ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ ወለተሰንበት ከተራው መጨረሻ ላይ ቆመው ነበር። «ተይ ሠርካዲስ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «አፈር ነህና ወደ አፈር ትመለሳለህ የሚለውን ቃል እኛም እናውቀዋለን። በሰው ጾም አይቀለድም።»

ሳቁ ወዲያው ተቆረጠ። ጠጅቱ ማመስገን ነበረባት፤ ነገር ግን ያ ቃል ከስድቡ ይልቅ እንደ እሬት መረራት። የእርሷን ጾም ለማስከበር የእርሷ ጾም አልበቃም፤ የእትዬ ወለተሰንበት አፍ አስፈለገው። ወደ ቤቷ ስትመለስ አመዱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

ሁዳዴም ገባ። ሙሉመቤት አንድ ቀን ከእትዬ ወለተሰንበት ጋር ልደታ ደርሳ መጣች፤ በማግሥቱ ደገመች፤ ከዚያማ ልማድ ሆነ። አንድ ከሰዓት በኋላ ፊቷ በርቶ ገባችና ከእኅቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«እታለም፣ ዛሬ ከእትዬ ጋር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዋልኩ። ምንም አልራበኝም።»

ጠጅቱ መርፌዋን ሳታቆም፣ «የኛው ጾም ምን ጎደለው?» አለች።

«ጎደለው አላልኩም። ብቻ ከእነሱ ጋር ስጾም ሰፈሩ ሁሉ አብሮኝ ይርበዋል። እዚህ እኔና አንቺ ብቻ ነን።»

«እኔ አልበቃሁሽም ማለት ነው።»

«እንዲህ ነው እንግዲህ አንቺ» አለች ሙሉመቤት፤ ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ ለአስፋው ሊጠይቁኝ ነው፤ ሁዳዴ ሲፈታ ሽማግሌ እንልካለን ብለዋል። የእኛን ፋሲካ ግን ከአንቺ ጋር ነው የማሳልፈው። እንደ እናታችን ታጎርሺኛለሽ። ሌላውን ከዚያ በኋላ እናየዋለን» አለቻት።

በዚያው ሳምንት ሙሉመቤት አብነት ሰፈር ድረስ ሄዳ አንዲት ቀይ ዶሮ ገዛችና ከአልጋው እግር ጋር አሰረቻት።

ጠጅቱ ግን ከነገሩ ሁሉ የሰማችው «ሰፈሩ ሁሉ አብሮኝ ይርበዋል» የሚለውን ብቻ ነበር። አስፋው ጨዋ ልጅ ነው፤ በጋብቻው አትቃወምም። እኅቷን የሚነጥቃት ግን አስፋው አልመሰላትም፤ የእናቱ ጾም መሰላት። ስለዚህ በጾም የተወሰደባትን በጾም ለማስመለስ ቆረጠች። ወተቱን ተወችው፤ ቅቤ የነካውን ምጣድ እንኳ አጠበች። የእትዬ ወለተሰንበት ማጀት መቼ እንደሚጨስ ከደጃፏ ሆና ትጠብቃለች፤ ጭሱ ሲወጣ «አሁን ሊበሉ ነው» ትልና፣ የራሷን እሳት ሳታያይዝ ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ትቆያለች። ያን ጊዜ ብቻ ደረቅ እንጀራዋን በውኃ ታወራርዳለች። ራሷን ሲያዞራት በልቧ ደስ ይላታል፤ ነገር ግን እትዬ ወለተሰንበት የቀደሟት በብዙ ነበር፤ እርሳቸው ሲከሱ ያምርባቸዋል፣ ጠጅቱ ስትከሳ ግን ሰው «አመመሽ ወይ?» ይላታል።

በስቅለት ዋዜማ ወደ ሚሲዮኑ ሄዳ ለአባ ወልደአማኑኤል ተናዘዘች። አባ ወልደአማኑኤል ሐበሻ ካህን፣ ጥቂት ተናግረው ብዙ የሚያዳምጡ ሽማግሌ ነበሩ። ጠጅቱ ቅናቷን እንደ ትንሽ ነገር፣ በመጨረሻ ላይ ጣል አደረገችው። እርሳቸው ግን ሌላውን ሁሉ ትተው እርሱን አነሡት።

«ሥጋ ከተውሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ከአመዱ ቀን ጀምሮ ነው፣ አባቴ።»

«ከዚያ ወዲህ እኒያን ሴት ስንት ጊዜ በላሻቸው?»

ጠጅቱ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ንስሐሽ ከባድ አይደለም» አሉ። «በትንሣኤ ቀን ብዪ። ከሰው ጋር ተቀምጠሽ፣ ደስ ብሎሽ ብዪ።»

ጠጅቱ ከዚያ ስትወጣ ፊቷ በእፍረት ግሎ ነበር። ለሌላው ስግደት ይታዘዛል፣ መቶ አቡነ ዘበሰማያት ይታዘዛል፤ ለእርሷ መብላት! ከነቢያት ጀምሮ ብዪ ተብሎ ንስሐ የተሰጠው ሰው ይኖር ይሆን? መንገድ ላይ ሳለች አንድ ሐሳብ መጣላት፤ ሐሳቡም በተራመደች ቁጥር እያማራት ሄደ። በፋሲካቸው ቀን ባትፈታስ? ጾሟን ሳታቋርጥ እስከ ሚያዝያ ብትዘልቅስ? ከእነርሱ ቀድማ ገብታ ከእነርሱ ጋር ብትወጣ፣ እትዬ ወለተሰንበት ራሳቸው ምን ይላሉ? ሙሉመቤትስ ከእንግዲህ የማንን ጾም ታያለች?

የትንሣኤ እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሁለቱ እኅትማማቾች ወደ ቤት ተመለሱ። ዶሮዋ ከአልጋው ሥር ትጮኻለች። ሙሉመቤት ሻሿን አውልቃ እጅጌዋን ሰበሰበችና፣

«ውኃ ልጣድ?» አለች።

«ዶሮዋ ትቆይ» አለች ጠጅቱ።

«እስከ መቼ?»

«እስከ ሚያዝያ። ከእነሱ ጋር እፈታለሁ።»

ሙሉመቤት የእኅቷን ፊት ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። «ለማን ብለሽ?»

«ላንቺ ብዬ ነዋ።»

«እኔ እኮ ጾም አልለመንኩሽም፣ እታለም። አንድ ጉርሻ ነው የለመንኩሽ።»

ይህን ብላ ዶሮዋን ፈታች፤ ብብቷ ውስጥ ይዛም ግቢውን አቋርጣ ሄደች። ጠጅቱ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። አስፋው ቢላዋ ይዞ ወደ ጓሮ ሲዞር አየች። ጥቂት ቆይቶ፣ በማይጨስበት ሰዓት የእትዬ ወለተሰንበት ማጀት ጨሰ። የሽንኩርት ሽታ መጣ፤ የበርበሬ ሽታ ተከተለ፤ በመጨረሻም በልደታ ሰፈር በዚያ ወራት ማንም ሊያሸተው የማይገባው የዶሮና የቅቤ ሽታ ግቢውን ሞላው። ጠጅቱ የምታሸተውን አላመነችም። በሁዳዴ፣ በዚያች ሴት ማጀት!

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ካዘነበለች በኋላ እትዬ ወለተሰንበት በጨርቅ የተሸፈነ ድስት ይዘው፣ ሙሉመቤትም እንጀራ ተሸክማ ከኋላቸው ገቡ። ጠጅቱ ተነሣች።

«እንኳን አደረሰሽ» አሉ እትዬ ወለተሰንበት ድስቱን እያስቀመጡ።

«እንኳን አብሮ… እትዬ፣ ምን አደረጉ? እርስዎ እኮ ጾመኛ ነዎት።»

«ሙሉ ልትሠራው ነበር። ስታለቅስ ሽንኩርቱን አሳረረችው፤ ዝም ብዬ ላያት አልሆነልኝም። ድስቱም የኔ አይደለም፣ ለአስፋው አንድ ነጋዴ የሰጠው ነው፤ ከጾም ዕቃዬ ጋር አላነካካሁትም።» አረፍ ብለው፣ «ለነፍስ አባቴ እኔው እናገራለሁ። የሰፈሩ ሰው ግን ነፍስ አባቴ አይደለም» አሉ።

ጠጅቱ እምቢ ልትል አፏን ስትከፍት የሙሉመቤትን ዓይን አየች። ዓይኗ አብጦ ነበር። እጇን ታጠበች። እንጀራውን ቆርሳ፣ ከወጡ አጥቅሳ ለእኅቷ አጎረሰቻት። ሙሉመቤት አኝካ ዋጠች፤ ከዚያም በተራዋ ለእኅቷ አጎረሰቻት።

ወጡ ጨው አልነበረውም። ጥቂት አነሰው የሚባል ሳይሆን፣ ጭራሽ አልገባበትም።

ያን ጊዜ በጠጅቱ ልብ ውስጥ የተነሣውን ደስታ መግለጽ ያሳፍራል። እነሆ፣ በስንት ዘመን አንድ ጊዜ፣ እትዬ ወለተሰንበት ተሳስተው ተገኙ። ሴትዮዋ ፊቷን ሲመለከቱ ነበርና፣

«ምን ጎደለው?» አሉ። «መቅመስ ስላልሆነልኝ በማሽተት ነው የገመትኩት።»

«ጨው የለውም፣ እትዬ» አለች ጠጅቱ፤ ቃሉም በአፏ ጣፈጣት።

እትዬ ወለተሰንበት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «ሠላሳ ዓመት ወጥ ሠርቼ ዛሬ ተያዝኩ። በይ ጨምሪበት፤ አፍንጫ ጨው አይለይም።»

ጠጅቱ ሲስቁ አይታቸው የማታውቃቸውን ሴት ሲስቁ አየች፤ ጨውም ጨመረችበት። ሁለቱ እኅትማማቾች ሲበሉ፣ እትዬ ወለተሰንበት ምራቃቸውን እየዋጡ አጠገባቸው ተቀመጡ። ይህም ሌላ ቅናት ሆነባት፤ በገዛ ፋሲካዋ ቀን እንኳ በገበታው ላይ የሚበልጡት እርሳቸው ነበሩ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ቧንቧው ስትወርድ ጠጅቱ አንድ ነገር አወቀች፤ እስከዚያ ቀን ያልነበራት ሥልጣን በእጇ ገብቷል። በሁዳዴ ዶሮ የሠራች ሴት! ይህ ከአንድ አፍ ቢወጣ ከዚያ ወዲያ ለእትዬ ወለተሰንበት ከመቀመጫው የሚነሣ አይኖርም። መናገር እንኳ አያስፈልጋትም ነበር፤ ሠርካዲስ መንገዱን ጠርጋ ጠበቀቻት።

«እናንተዬ፣ ትናንት ከእትዬ ወለተሰንበት ማጀት የዶሮ ወጥ ሸተተኝ ልበል» አለች እንስራዋን እያስተካከለች። «ወይስ ረኃቡ አፍንጫዬን አሳተው?»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ወደ ጠጅቱ ዞሩ፤ ግቢው የጋራ ነውና የምታውቀው እርሷ ናት። ሙሉመቤት ከአጠገቧ እንስራ ይዛ ቆማ ነበር፤ እኅቷን ሳታይ የእንስራዋን ገመድ ጫፍ በጣቷ ትጠመዝዝ ነበር።

ጠጅቱ ራስዋን መነቅነቅ ብቻ ይበቃት ነበር። ቅናቷም «አንቺ አልዋሸሽም፣ እውነት ነው የምትናገሪው» ይላት ነበር። ነገር ግን የአባ ወልደአማኑኤል ጥያቄ ትዝ አላት፤ እኒያን ሴት ስንት ጊዜ በላሻቸው? እስከ ዛሬ የተወችው ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ አንዱም እንዲህ ለመተው አልከበዳትም ነበር።

«ዶሮዋ የኔ ናት» አለች። «ትናንት ፋሲካዬ ነበር።»

«ታዲያ በሰው ማጀት?»

«አዎ፣ በሰው ማጀት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ጉድ ነው!» አለች ሠርካዲስ። «እኒህን የመሰሉ ጾመኛ ሴት ቤት ገብተሽ በሁዳዴ ቅቤ ታንጨረጭሪያለሽ? የጣልያን ፋሲካችሁን ከጣልያን ጋር አትበሉም?»

ሌሎቹም ተቀባበሏት። እንስራዋን ከተራው ያወጡባት እንኳ ነበሩ። ጠጅቱ ሁሉንም ሰማች፤ እትዬ ወለተሰንበትም በሰፈሩ ዓይን ከበፊቱ ይልቅ ከፍ ብለው፣ ክፉ ጎረቤት የቻሉ ሴት ሆነው ወጡ። ያም ሆኖ ቃሏን አላጠፈችም።

ውኃቸውን ቀድተው ዳገቱን ሲወጡ ሙሉመቤት ከፊት ነበረች። ከልደታ ቅጥር አጠገብ ሲደርሱ ቆመችና እንስራዋን አወረደች።

«ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ምኑን?»

«እታለም።»

ጠጅቱም የእርሷን እንስራ አወረደች። ትንፋሿን ሰበሰበች። «እስከ ቧንቧው የወረድኩት ልነግራቸው ነበር» አለች። «ጥሩ ሰው አድርገሽ እንዳታዪኝ።»

«ለአስፋው እሺ እላለሁ» አለች ሙሉመቤት። «ሠርጉም እዚህ ነው የሚሆነው፣ ልደታ። አንቺ ትቆሚልኛለሽ?»

ጠጅቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተመለከተች። ከውስጥ የሰጋጆች ድምፅ ይሰማል፤ እትዬ ወለተሰንበትም በዚያ ሰዓት ከመካከላቸው እንደሚሆኑ አወቀች። ያ አሮጌ ነገር እንደገና ደረቷን ወጋት።

«እቆማለሁ» አለች። «ግን ቅናቴ አይቀርም፣ ሙሉ። ከእሱ ጋር ነው የምመጣው።»

«ይምጣ» አለች ሙሉመቤት። «አንቺን ይዞ እስከ መጣ ድረስ ይምጣ።» ጎንበስ ብላም የእኅቷን እንስራ አሸከመቻት፤ የራሷንም አነሣች።